በዘይነባ ስልክ ውስጥ ያለው ካርድ

ቅዳሜ፣ ጥር 9። ረፋድ

ትንሿ ካርድ ገባች። ማሽኗ ተነሳች። አልሐምዱሊላህ። አረንጓዴው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ እኔም ወንበሬ ላይ እጀነናለሁ።

ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፣ ደብተሬ? ቤት ውስጥ አማርኛ የሚያነብ የለም። ሚስቴ ኢፍራህ እዚሁ ሐርጌሳ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት፣ ፊደሉን ስታይ ጉንዳን ተሰለፈ ትለኛለች። እኔ ድሬዳዋ አድጌ፣ እዚያው ተምሬ፣ የሆዴን የምጽፈው አሁንም በዚሁ ነው። ስለዚህ ስማኝ።

የኤዶ ሆደን ድምፅ ቤት፣ 26 ጁን ሰፈር። ኤዶ የምላቸው አክስቴ ሆነው አይደለም፣ እዚህ ትልቅ ሴት ሁሉ ኤዶ ናት። በሶማልኛ ሳወራቸው አንቱታ የለም፤ አንተ ላይ ስጽፍ ግን «አንቺ» ማለት አፌ አይሞክረውም፣ ጽሑፍ ሲሆን እማዬ ታየኛለች። ሥራቸው ካሴት ነው። በስደቱ ዘመን እዚህ አገር ቤተሰብ የሚላላከው ደብዳቤ ሳይሆን ካሴት ነበር። ቴፑን መሀል አስቀምጠው ያወሩለታል፣ ልጅ ያስለቅሱበታል፣ ሰላምታ ይደረድሩበታል። አሁን ሰዎች እነዚያን ካሴቶች ከሻንጣ ሥር አውጥተው ያመጣሉ፣ ኤዶ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣሉ። ኮምፒውተሯ መዳፍ የምታክል፣ በሊኑክስ የምትሠራ፣ ክዳን እንኳ የሌላት ነገር ናት። የማሰናዳት እኔ ነኝ። «ኢንጂነር» ይሉኛል። ዲግሪዬ የአካውንቲንግ ነው፣ እሱን አናንሳ።

ማሽኗ ስትነሳ ሁለት ነገር ትፈልጋለች። አንደኛው ቡት ነው፣ መነሻዋ። ሁለተኛው ሩት ነው፣ መኖሪያዋ፤ ሲስተሙም የሰው ድምፅም ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ሁለቱም አንድ ሚሞሪ ካርድ ላይ ነበሩ። ካርድ ደግሞ አይታመንም፣ አንድ ቀን ቀጥ ይላል። ከሦስት ሳምንት በፊት ካርዱን እንዳለ ወደ አዲስ ዲስክ ገለበጥኩት፣ ማሽኗም ከዚያ ወዲህ ዲስኩ ላይ ትኖራለች። ዛሬ ደግሞ ለመነሻው ብቻ የምትሆን ትንሽ ካርድ አስገባሁላትና ትልቁን አወጣሁት። በቃ። አለቀ።

ትልቁ ካርድ ተረፈ። ለዘይነባ ሰጠኋት። ዘይነባ ቤቱን የምታጸዳው የወሎ ልጅ ናት፣ እዚህ ቤት ከኔ ጋር አማርኛ የምታወራ እሷ ብቻ። ስልኳ ሞልቶባት አገር ቤት ካለችው ልጇ የሚላክላትን ፎቶ እያጠፋች ነበር የምታስገባው። ካርዱን እኔው ከተትኩላት። ስልኩ ፎርማት ይደረግ ወይ ብሎ ጠየቀ፣ አዎ አልኩት። መርቃኝ መርቃኝ አልጠገበችም። ለጋስነቴ ደስ አለኝ፤ የሰጠሁት የኤዶ ካርድ መሆኑ ትዝ ያለኝ መንገድ ላይ ነው።

እሑድ፣ ጥር 10። ከሰዓት

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌ ቢጣመም ቻለው።

ኤዶ ሆደን ጠዋት ጠሩኝ። አዴር ጃማ ረቡዕ ይመጣሉ፣ የእናታቸውን ቅጂ አዘጋጅላቸው አሉ። አዴር ጃማ (እዚህ ትልቅ ወንድ ሁሉ አዴር፣ አጎት ነው) በልጅነታቸው ከእናታቸው ተለያይተው ያደጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ከእናትየው የተረፈው አንድ ካሴት ብቻ። ማሽኗን ከፈትኩ። የለም። ሌላ ፈለግኩ፣ የለም። የመጨረሻው ቅጂ ካርዱን ወደ ዲስክ የገለበጥኩ ቀን የተቀዳው ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሁሉ ድራሹ ጠፍቷል። ማሽኗ ያን ቀን ተኝታ ዛሬ የነቃች ትመስላለች።

የአዴር ጃማ ካሴት ደግሞ የተጫወተው አንዴ ብቻ ነው። ክሩ ደርቆ ነበር፣ መጨረሻው ላይ ተበጠሰ፣ ለመቀጠል ስንሞክር ጣታችን ላይ ተፈረካከሰ። ሽማግሌው ደንግጠው ሲያዩን፣ አይጨነቁ ገብቷል፣ ዲስክ ላይ ያለ ነገር አይጠፋም ያልኳቸው እኔ ነኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ።

ኤዶ ከኋላዬ ቆመዋል። ምን ሆነ አሉ። አላውቅም ማለት ይቻል ነበር፣ ደብተሬ። እውነትም አላውቅም ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ። እየጻፈች ሳለ ኃይል ድንገት ከተቋረጠ እንዲህ ይሆናል አልኩ። መብራት ጠፍቶ ነበር ወይ አሉ። ቢጠፋም ባትሪ አላት አልኩ። ታዲያ ማን ነቀላት? ዝም አልኩ። ዘይነባ ናት ወይ አሉ።

ዘይነባ ባለፈው ዓመት ካውያ ልትሰካ ብላ ማሽኗን ነቅላ ነበር። ምንም አልጠፋም፣ ቤቱ ሁሉ ስቆ አለፈ። አሁን ግን ያ ሳቅ ተመልሶ መጣ፣ ሲመጣም የሚያስቅ አልነበረም። ስትነቅል አይተሃል ወይ አሉኝ።

ዋላሂ አላየሁም፣ አልኩ።

እውነቴን ነው። ያልሆነ ነገር እንዴት ይታያል። ኤዶ የሰሙት ግን ሌላ ነው፣ ፊታቸው ላይ አየሁት። ሊያሳጣት አልፈለገም ብለው ነው የሰሙት። አየሁና የማሽኗን ኬብል መጠቅለል ጀመርኩ።

ሰኞ፣ ጥር 11። ጠዋት

አገኘሁት። ባላገኘው ይሻለኝ ነበር።

ገልባጩ ኮማንድ ሁሉን ሲገለብጥ መለያ ቁጥሩንም አብሮ ገልብጧል። ማሽኗ ስትነሳ ሩቷን የምትፈልገው በመለያው ነው። ካርዱና ዲስኩ አንድ ዓይነት መለያ ይዘው አጠገብ ላጠገብ ቆመዋል። እሷም መጀመሪያ ያገኘችውን ያዘች፣ ካርዱን። ሦስቱን ሳምንት የኖረችው የድሮ ቤቷ ውስጥ ነው። አዲሱ ዲስክ አጠገቧ ተሰክቶ ባዶውን ሲሞቅ ከረመ።

እኔ ያን ቀን መለያውን አየሁ፣ ገጠመ አልኩ፣ ዘጋሁ። በየትኛው ላይ እንደተቀመጠች የምታሳይ አንዲት መስመር ኮማንድ ነበረች። አልጻፍኳትም። ኤዶ እንግዶች ይዘው ገብተው ነበርና ፊታቸው ቶሎ መጨረስ አማረኝ። እንግዶቹ ማሻአላህ ብለው ወጡ። ማሻአላህ።

ቅዳሜ ትልቁን ካርድ ሳወጣው የሦስት ሳምንቱን ድምፅ ይዞ ወጣ። ማሽኗ ዲስኩ ላይ ያለውን የድሮ ግልባጭ አገኘች፣ ተነሳች፣ እኔም ጀነንኩ። ማንም ምንም አልነቀለም።

አንድ ተስፋ አለ። ስልክ ካርድ ፎርማት ሲያደርግ ያለውን አይፍቀውም፣ ቦታው ባዶ ነው ብሎ ያልፋል። ከሥር ያለውን የሚያወጣ ፕሮግራም አለኝ። ነገር ግን አዲስ ፎቶ በገባ ቁጥር ከሥሩ የነበረው ይሄዳል። ስለዚህ ካርዱ ዛሬውኑ ከስልኳ መውጣት አለበት። አሁን እሄዳለሁ፣ እነግራታለሁ፣ ለኤዶም እነግራለሁ።

ያው ቀን። ከዙህር ሰላት በኋላ

ዘይነባ የለችም። ተባርራለች።

ጠዋት ስትገባ ኤዶ ቁልፉን ተቀበሏት። አልነካሁም ብላ በአላህ ምላለች፣ አልቅሳለች። ኤዶ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ሲነግሩኝ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። እምላለሁ ማለቷ ነው ያናደደኝ አሉ፣ አጠፋሁ ማለት ምን ነበረበት አሉ። ያጠፋ ሰው አጠፋሁ ይበል።

አጠገባቸው ቆሜ አንገቴን ነቀነቅኩ። አዎ ማለቴ ነበር ወይስ አይ? እኔም አላውቅም። ሻሂ አስመጡልኝ፣ ጠጣሁ። የሚያስጠላው ነገር መጣፈጡ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 13። ማታ

አዴር ጃማ መጡ። ታጥበው፣ ለብሰው፣ ጢማቸውን ሂና ተቀብተው። እናታቸውን ሊሰሙ ነዋ።

ኤዶ ነገሯቸው። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። ካሴቱ ሲጫወት እናታቸው በልጅነት ስማቸው የጠሯቸው ቦታ መጀመሪያው ላይ ነበር ወይስ መጨረሻው ላይ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊያስታውሱት ሞክረው ተምታታባቸው። መጀመሪያው ላይ ነው አልኩ። በእርግጥ አላስታውስም። አሁን ደግሞ ይሄም ተጨመረ።

ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው ስለዚያች ልጅ ተናገሩ። ልጅቷን አትርገሟት አሉ፣ የሰው አገር ሰው ናት፣ እኔም የሰው አገር ኖሬ አውቀዋለሁ። ይቅር ብያታለሁ፣ አድርስላት አሉ።

አድርስላት አሉኝ እኮ፣ ለኔ። የሷን ቋንቋ የምችለው እኔ ስለሆንኩ።

ራቴን አልበላሁም። ኢፍራህ አሞሃል ወይ አለችኝ። ጨጓራ ነው አልኳት። ውሸት ሲለመድ እንዲህ ይቀላል።

ዓርብ፣ ጥር 15። ከጁምዓ በኋላ

ዋሄን ገበያ ውስጥ ከኋላዬ በአማርኛ ተጠራሁ። ወንድማለም! ድምፁን አወቅኩት። ላለመስማት ሁለት እርምጃ ሄድኩ፣ እውነቱን ልንገርህ። ተሸካሚዎቹ መንገዱን ባይዘጉት ኖሮ አመልጥ ነበር።

ዘይነባ። ከስታለች። አንዲት የጨርቅ ነጋዴ ለቤቷ ሠራተኛ ትፈልግ ነበር፣ ሊስማሙ ደርሰው ሴትዮዋ ወሬውን ሰማች። እዚህ የውጭ ሰው ሥራ የሚገባው የሚያውቀው ሰው ስለሱ ቃል ሲሰጥ ነው። ኤዶ ዘንድ ስትገባም ቃል የሰጠሁላት እኔ ነበርኩ። አሁንም እኔን ነው የምትፈልገው፣ ሴትዮዋን አንዴ ብቻ አናግርልኝ አለች።

ከዚያ አመሰገነችኝ። አዎ፣ አመሰገነችኝ። ኤዶ ሲያባርሯት፣ ኢንጂነሩ እንኳ አላየሁም ብሎ ምሎልሻል ብለዋታል። «ሁሉም ጣቱን ሲቀስርብኝ አንተ ብቻ ማልክልኝ፣ ወንድማለም። አላህ የኸይር ምንዳህን ይክፈልህ።» እንዲህ አለችኝ። ገበያው መሀል፣ ፀሐይ ላይ።

አሚን አልኩ። ምን ልበል?

ስልኳን አወጣች። ልጇን ታሳየኝ ጀመር። ልጅቷ ዩኒፎርም ለብሳ፣ ልጅቷ ጥርሷ ወልቆ፣ የአጎት ልጅ ሠርግ በቪዲዮ፣ ረጅም፣ ዳር እስከ ዳር ጭፈራ። ካርድህ ጉድ ነው አለች፣ ቢያስገቡበት ቢያስገቡበት አይሞላም። ጣቷ በገለበጠ ቁጥር እኔ ከሥር ያለውን አስባለሁ። ይቺ ፎቶ የማን ድምፅ ላይ ተኛች? ያ ሠርግ የማንን እናት ደፈጠጠ? አታስገቢበት፣ ተዪው ልላት አፌን ከፈትኩ። ለምን ብትለኝስ? ዘጋሁት።

ሴትዮዋን ነገ አናግርልሻለሁ ብዬ ተለያየን። እግሬ አውጪኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16። ረፋድ

ዘዴ አገኘሁ። ስማና ፍረድ።

ዋሄን ሄጄ አዲስ ካርድ ገዛሁ፣ ከበፊቱ የሚበልጥ። ዘይነባ የምትኖርበት ሼክ ኑር ሰፈር ሄጄ፣ ያንን መልሺ ይሄ ይሻልሻል እላታለሁ። ፎቶዎቿን እገለብጥላታለሁ። የድሮውን ካርድ ይዤ እወጣለሁ፣ ድምፆቹን አወጣለሁ፣ ለኤዶ ዲስኩ ውስጥ ተደብቀው አገኘኋቸው እላለሁ። አዴር ጃማ እናታቸውን ይሰማሉ። ኤዶ ደስ ይላቸዋል። ዘይነባም ያው ነገሩ ከተገኘ ትመለስ ይሆናል። ማንም አይጎዳም።

ማንም አይጎዳም ብዬ ጻፍኩ እንዴ? አንብቤ አፈርኩ። ነገሩ ተገኘ ቢባል እንኳ ነቃይዋ እሷው ሆና ትቀራለች። ነቀለች፣ ኢንጂነሩ አዳነ። ከዚህ ሁሉ ጀግና ሆኜ ልወጣ ነው ያሰብኩት። አቤት እኔ!

ግን ካርዱን ኪሴ ከትቼ እየሄድኩ ነው። ባስ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ለዚህ ነው ፊደሉ የሚዘለው።

ያው ቀን። አስር ሰላት ሰግጄ

ነገርኳት።

እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ ነገ ወኔ ካጣሁ አንተ ታስታውሰኛለህ።

የዘይነባ ቤት ቆርቆሮና ጨርቅ ነው፣ ከሌላ ሴት ጋር ትጋራዋለች። ውኃ የሚያመጣው መኪና አልመጣም ነበር፣ ሰፈሩ ጄሪካን ደርድሮ ይጠብቃል። ከዚያችው ካላት ውኃ ለኔ ቀዳችልኝ። አዲሱን ካርድ አወጣሁ፣ ያሰብኩትን አልኳት። ሳቀች። ያንተ ነገር፣ ሰጥተህም አትጠግብ አለች። ስልኳን እየከፈተች ዱዓ ታደርግልኝ ጀመር። ለኔ፣ ለኢፍራህ፣ ለሞተችው እናቴ። እናቴን ስትጠራ አልቻልኩም። የአዴር ጃማ ምርኩዝ ታየኝ።

ዘይነባ፣ ማንም ምንም አልነቀለም፣ አልኩ። እኔ ነኝ። ከጅራቱ ጀመርኩ፣ ከዚያ ሁሉም ተከታትሎ ወጣ። መለያው፣ ካርዱ፣ ፎርማቱ፣ ኤዶ ሲጠይቁኝ ዝም ማለቴ፣ አዴር ጃማ አድርስላት ያሉኝ ይቅርታ። ዋላሂ ያልኩትን ስነግራት ላንቺ የማልኩ መስሎሽ ነበር፣ ለራሴ ነው የማልኩት አልኳት።

አልጮኸችም። ብትጮህ ደስ ይለኝ ነበር። አንዴ ብቻ ጠየቀችኝ፤ ትናንት ገበያ ላይ ሳመሰግንህ ታውቅ ነበር ወይ? አውቅ ነበር አልኩ። ከዚያ በኋላ ወንድማለም አላለችኝም።

የጆሮ ጉትቻዋን ፈታች፣ በሹሉ ካርዱን ከስልኳ ገፋ አድርጋ አወጣችው። እጄን ዘረጋሁ። ፎቶዎችሽን መጀመሪያ አወጣልሻለሁ፣ አንዷም አትጠፋም አልኳት። «የልጄ ፎቶ እንደገና ይላካል። የሰውየው እናት እንደገና አትናገርም» አለች። እጄ ላይ ግን አላስቀመጠችውም። የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ካርዱን ቋጠረችው፣ ሁለቴ አጠበቀችው።

ነገ እኔው አመጣዋለሁ አለች። ኤዶ ፊት። አንተ መጀመሪያ ትናገራለህ፣ በሶማልኛ፣ እኔ እየሰማሁ። ነገሩን ስትጨርስ ቋጠሮውን እፈታለሁ። የተባረርኩት በሰው ፊት ነው፣ ስመለስም በሰው ፊት ይሁን አለች።

ሽማግሌውም ይጠሩ አለች። ለይቅርታቸው መልስ አለኝ፣ አልበደልኳቸውም ልላቸው ነው።

አዲሱን ካርድ አልተቀበለችም። ኪሴ ውስጥ ነው።

ኤዶ ጋ ደወልኩ። ነገ ጠዋት የምነግርዎት አለ፣ አዴር ጃማም ይምጡ አልኩ። ተገኘ እንዴ! ብለው ጮኹ። እዚያው ስልኩ ላይ አዎ ብዬ መዝጋት እንዴት እንዳማረኝ አንተ ነህ የምታውቀው። ነገ እነግርዎታለሁ አልኩ።

እሑድ፣ ጥር 17። ጠዋት

የኤዶ በር ላይ ነኝ። ቀድሜ መጣሁ። ደጁ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አንተን ጉልበቴ ላይ አድርጌሃለሁ። ንፋሱ አቧራውን ያነሳዋል፣ ፍየሎች ካርቶን ይበላሉ።

አዴር ጃማ ገብተዋል። ዛሬም ለብሰው። ሲያልፉ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

የምለውን በሶማልኛ እየደጋገምኩ ነው። ሦስቴ ጀመርኩት፣ ሦስቴም አመለጥኩ። ማሽኗ ተምታታባት፣ መለያው ተገለበጠ፣ ድምፁ ጠፋ። ሁሉም ነገር በራሱ ሲሆን፣ እኔ የሌለሁበት። እንዲህ አይሆንም። መጀመሪያ የሚወጣው ቃል «እኔ» ይሁን። እኔ አላየሁም ሳይሆን፣ እኔ አደረግኩት። ከዚያ ስሟ። ከዚያ ሌላው።

ድምፁ ባይገኝስ? ሠርጉ የአዴር ጃማን እናት በልቷት ቢሆንስ? እንግዲህ ያኔም አለሁ። ይሄንንም ለሳቸው የምነግረው እኔ ነኝ። የጨርቅ ነጋዴዋንም ከዚህ ስወጣ አናግራለሁ፣ ዘይነባ እዚህ ልመለስ ብትልም ባትልም።

ባሱ ቆመ። ወረደች። ቋጠሮው ደረቷ ጋ ይታያል፣ በአንድ እጇ ይዛዋለች። ሰላም አላለችኝም። በሩ ጋ ደርሳ ቆመች፣ አታንኳኳም። ማንኳኳቱ የኔ ነው ማለቷ ነው።

እሺ። ተነሳሁ። መጀመሪያ «እኔ»፣ ከዚያ ስሟ። ላንኳኳ ነው።